ያበራው ነጥብ የማን ነው? የዋይ1 ተቀባይ ጂንን ክሮሞሶም ላይ ስለማግኘት

ኒውሮፔፕታይድ ዋይ 36 አሚኖ አሲዶች ያሉት አጭር ሰንሰለት ነው። ታተሞቶና ባልደረቦቹ በ1982 ከአሳማ አንጎል ለይተው አወጡት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የምግብ ፍላጎትን ይቀሰቅሳል፣ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ጭንቀትን ያረግባል። ይህን የሚያደርገው የሴልን ሽፋን ሰባት ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየበሱ በሚያልፉ ተቀባዮች አማካይነት ነው። ሰው ላይ የሚሠሩት ዋይ1፣ ዋይ2፣ ዋይ4 እና ዋይ5 ናቸው። ዋይ6 በሰው ውስጥ ተበላሽቶ የቀረ፣ ተቀባይ የማያወጣ የሞተ ጂን ነው፤ ሞቷል ብላችሁ አትናቁት፣ ኋላ ላይ ጣጣ ያመጣል።

የሰው ዋይ1 ሲዲኤንኤ (ከኤምአርኤንኤ ተገልብጦ የተሠራ ዲኤንኤ) በ1992 ተገኘ። በ1993 ሄርዞግና ባልደረቦቹ የጂኑን አወቃቀርና አድራሻ አሳተሙ፦ 4ኪው31.3–32። ይኸውም 4ኛው ክሮሞሶም፣ ረጅሙ ክንድ (አጭሩ ፒ ነው የሚባለው)፣ ከባንድ (ክሮሞሶሙ ሲቀለም ከሚታዩት መስመሮች) 31.3 እስከ 32 ማለት ነው። ዛሬ አድራሻውን ዳታቤዝ ከፍቶ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው። አንድን ጂን ራሱ ቦታ ላይ ለማስቀመጥ ወይም የተቀመጠውን ለማረጋገጥ ላሰበ ሰው ግን የተቀባይ ቤተሰብ ልዩ ፈተና አለው። ምልክት ማግኘት ቀላሉ ነው፤ ምልክቱ የዚህኛው ወንድም ይሁን የዚያኛው መለየቱ ነው የሚያደክመው።

የዋይ3 ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። በ1991 ከላም የተገኘ አንድ ተቀባይ የኒውሮፔፕታይድ ዋይ «ዋይ3» ተቀባይ ነው ተብሎ ታተመ። የሰው አቻው ተፈለገ፣ ተገኘ፣ 2ኛው ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ላይ መሆኑም ታወቀ። ሴል ውስጥ አስገብተው ሲፈትሹት ግን ኒውሮፔፕታይድ ዋይን አልያዘም። በ1996 ማንነቱ ታወቀ፦ ዛሬ ሲኤክስሲአር4 የሚባለው የኬሞካይን ተቀባይ፣ ኤችአይቪ ወደ ሴል ሲገባ ከሚጠቀምባቸው ሁለት ዋና ዋና ረዳት ተቀባዮች አንዱ ነው። ክሮሞሶሙ ላይ የተቀመጠበት ቦታ ዛሬም ትክክል ነው፤ ቦታውን የያዘው ግን ሌላ ባለቤት ነበር። ስለዚህ ፕሮብ (ጂኑን ፈልጎ የሚጣበቅ፣ ምልክት ያለው የዲኤንኤ ቁራጭ) ከማዘጋጀታችሁ በፊት የያዛችሁት ክሎን (የተባዛ የጂን ቅጂ) የሚያወጣው ተቀባይ ከተባለው ፔፕታይድ ጋር በእርግጥ እንደሚጣበቅ የሚያሳይ መረጃ በእጃችሁ ይኑር።

መጀመሪያ የሚለየው ክሮሞሶሙ ነው። ለዚህ የሰውና የአይጥ ወይም የሃምስተር ድቅል ሴሎች ያገለግላሉ። የሁለቱ ሴሎች በፖሊኢትሊን ግላይኮል ይዋሃዳሉ፤ ሃይፖዛንቲን፣ አሚኖፕተሪንና ታይሚዲን ባለበት ምግብ ውስጥ ያልተዋሃዱት የአይጥ ሴሎች ይሞታሉ፤ የተዋሃዱት ሲባዙ ደግሞ የሰውን ክሮሞሶሞች አንድ በአንድ እየጣሉ ይሄዳሉ። የትኛው እንደሚጣል አስቀድሞ አይታወቅም፤ ዘዴውን ጠቃሚ ያደረገውም ይኸው ነው። እያንዳንዱ ድቅል የተለያየ የሰው ክሮሞሶም ስብስብ ይዞ ይቀራል። የመያዝ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ቢሆን 5 ድቅሎች 32 ዓይነት ጥምረት ስለሚሰጡ ለ24ቱ የክሮሞሶም ዓይነቶች በወረቀት ላይ ይበቃሉ። በተግባር አይበቁም። ክሮሞሶም ይሰበራል፣ በከፊል ሴሎች ውስጥ ብቻ ይቀራል፣ ማለፊያ (ሴሎችን ወደ አዲስ ምግብ ማዛወር) በበዛ ቁጥርም ይጠፋል። ከ15 እስከ 25 ድቅል ያለው ስብስብ ያዙ፤ ወይም እያንዳንዱ ድቅል በአብዛኛው አንድ የሰው ክሮሞሶም ብቻ የያዘበትን ስብስብ ተጠቀሙ።

በድቅሎቹ ላይ የሚሠራው ፒሲአር (የተመረጠ የዲኤንኤ ቁራጭን የሚያባዛ ዘዴ) ነው፤ ፕራይመሩ (የሚባዛውን ቁራጭ ጫፍ የሚይዘው አጭር ዲኤንኤ) ላይ ሳትቸኩሉ ጊዜ ስጡት። የዚህ ተቀባይ ፕሮቲን በሚጻፍበት ክፍል የሰውና የአይጥ ፊደላት በጣም ይቀራረባሉ፤ ከዚያ ክፍል የተወሰደ ፕራይመር ከሁለቱም ያባዛና ሁሉም ድቅል «አለ» ይላችኋል። ሽፋኑን በሚበሱት ክፍሎች ላይ የተሠራ ፕራይመር ደግሞ የቤተሰቡን ሌሎች አባላት ይጎትታል። መፍትሔው ከማቆሚያ ኮዶን በኋላ ያለው፣ ፕሮቲን የማይጻፍበት ጫፍ ነው፤ እዚያ ዝርያዎቹ ተለያይተዋል፣ ወንድማማቾቹም አይመሳሰሉም። ከ150 እስከ 300 ቤዝ ጥንድ የሚያወጣ ጥንድ ፕራይመር ከዚያ ምረጡ።

ዋይ1 ላይ አንድ ሌላ ጠቃሚ ነገር አለ። ጂኑ ሦስት ኤክሶኖች (በመልእክቱ ውስጥ የሚቀሩ ክፍሎች) አሉት። የመጀመሪያው ኢንትሮን (በኤክሶኖች መካከል ያለ፣ ከመልእክቱ ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) 6 ኪሎቤዝ (ስድስት ሺህ ቤዝ) ያህል ሲሆን ፕሮቲኑ ከሚጀምርበት በፊት ይገኛል። ሁለተኛው 97 ቤዝ ጥንድ ብቻ ነው፤ ሽፋኑን ከሚበሳው አምስተኛው ክፍል በኋላ ይገባል። ያን ትንሽ ኢንትሮን ግራና ቀኝ ይዞ የሚያባዛ ፕራይመር ከጂኖሚክ ዲኤንኤ የሚያወጣው ባንድ ከሲዲኤንኤው በ97 ቤዝ ይረዝማል። 2 በመቶ አጋሮስ ጄል ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። የሲዲኤንኤ ፕላስሚድ ሁልጊዜ በሚሠራበት ላብራቶሪ ውስጥ ብክለት የተለመደ ነው፤ አጭሩ ባንድ ድቅሉ ውስጥ ከታየ የሚናገረው ክሮሞሶሙ ሳይሆን የፒፔታችሁ ጫፍ ነው።

ለአንድ ቱቦ ከ50 እስከ 100 ናኖግራም ዲኤንኤ በ25 ማይክሮሊትር ይበቃል። ከ30 እስከ 32 ዙር ላይ አቁሙ። 35 እና ከዚያ በላይ ካስኬዳችሁት ክሮሞሶሙ ከመቶ ሴል በአምስቱ ውስጥ ብቻ የቀረበት ድቅል እንኳ «አለ» ብሎ ይመጣል፤ ካሪዮታይፑ (በማይክሮስኮፕ የተቆጠረው የክሮሞሶም ዝርዝር) ግን «የለም» ብሎ መዝግቦታል። የሰው፣ የአይጥ፣ የሃምስተር ዲኤንኤና ባዶ ውሃ ያለባቸው አራት ቱቦዎች በየዙሩ አብረው ይሂዱ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ክሮሞሶም አለመግባባቱን ትቆጥራላችሁ፦ ጂኑ ኖሮ ክሮሞሶሙ የሌለበት፣ ክሮሞሶሙ ኖሮ ጂኑ የሌለበት። ትክክለኛው ክሮሞሶም ዜሮ ይሰጣል፣ ሌሎቹ በብዙ ይርቃሉ። ትንሹ ቁጥር ዜሮ ሳይሆን 1 ከሆነ ያንን ድቅል አትጣሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ክሮሞሶሙ ተሰብሮ የያዘው ቁራጭ ካሪዮታይፕ ላይ ሳይታወቅ ቀርቷል፣ እንዲያውም ጂኑ በየትኛው ክንድ ላይ እንዳለ የሚጠቁመው እሱ ነው።

የጨረር ድቅሎች ይህንኑ ሐሳብ ይበልጥ ያሻሽሉታል። የሰው ክሮሞሶሞች በኤክስሬይ ተሰባብረው ወደ ሃምስተር ሴል ይገባሉ፤ ሁለት ምልክቶች በቀረቡ ቁጥር አብረው የመቅረት ዕድላቸው ይጨምራል። ጂንብሪጅ4 የሚባለው ስብስብ 93 ድቅሎች አሉት፣ በ3,000 ራድ የተሠራ ነው። የስታንፎርዱ ጂ3 83 ድቅሎች አሉት፣ 10,000 ራድ ተመቶ ቁርጥራጮቹ ስላነሱ ጠጋ ያለውን ይለያል። ውጤቱ የ0፣ የ1 እና የ2 መስመር ነው፤ 0 «የለም»፣ 1 «አለ»፣ 2 «አልታወቀም» ማለት ነው። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ሥሩ፤ ያልተስማማውን በግምት 1 ከምትሉት 2 ብላችሁ መመዝገብ ይሻላል። አንድ የተሳሳተ 1 ሁለት የሌሉ ስብራቶችን ስለሚፈጥር ጂኑን ከጎረቤቶቹ በሐሰት ያርቀዋል።

ባንዱን በዓይን የሚያሳየው ግን ፊሽ (የሚያበራ ፕሮብ ስላይድ ላይ ባለ ክሮሞሶም ላይ የማጣበቅ ዘዴ) ነው። ብዙ ሰው ፊሽ የማይሳካለት ፕሮቡ ላይ ሳይሆን ክሮሞሶሙ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

ግማሽ ሚሊሊትር ሄፓሪን የገባበት ደም በ5 ሚሊሊትር አርፒኤምአይ 1640 ውስጥ ይጨመራል። ምግቡ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሴረምና ሊምፎሳይትን እንዲከፋፈል የሚቀሰቅሰው ፋይቶሄማግሉቲኒን ይኖረዋል። 72 ሰዓት በ37 ዲግሪ። መጨረሻ ላይ ኮልሴሚድ (ሴሉን በመከፋፈል ላይ እንዳለ የሚያቆመው) በሚሊሊትር 0.1 ማይክሮግራም፣ ለ30 ደቂቃ። ከዚህ ባለፈ ቁጥር ሜታፌዝ (ክሮሞሶሞቹ ተለይተው በሚታዩበት የመከፋፈል ደረጃ ላይ ያለ ሴል) ይበዛል፣ ክሮሞሶሙ ግን ተኮማትሮ አጭርና ወፍራም ይሆናል፤ 31.3ን ከ32 መለየት ለሚፈልግ ሰው ብዙ አጭር ክሮሞሶም ከመያዝ ጥቂት ረጅም መያዝ ይሻለዋል። ከዚያ በ37 ዲግሪ የሞቀ 0.075 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ሴሎቹ እንደተነከረ ሽምብራ ያብጣሉ። ካነሰ ክሮሞሶሞቹ ተደራርበው ይቀራሉ፤ ከበዛ ሴሉ ቀድሞ ይፈነዳና ክሮሞሶሞቹ ይበታተናሉ። ማቆያው ሦስት እጅ ሜታኖል፣ አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ነው፤ በዚያው ቀን የተቀላቀለ ይሁን፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይቀየር፣ የመጀመሪያው ጠብታ በጠብታ ቱቦው እየተነቀነቀ ይግባ። አንዴ ከተጓጎለ አይመለስም።

ስላይዱ ላይ ሲንጠባጠብ አየሩ ይወስናል። እርጥበቱ 50 በመቶ አካባቢ ሲሆን ጠብታው ቀስ ብሎ እየደረቀ ክሮሞሶሞቹን ይዘረጋቸዋል። አየሩ ደረቅ ከሆነ (የአዲስ አበባን የጥር አየር አስቡት) ጠብታው ሳይዘረጋ ይደርቃል፤ ስላይዱን ከፈላ ውሃ እንፋሎት በላይ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ያዙት። ከዚያ ያለ ቀለም በፌዝ ኮንትራስት ተመልከቱ። ጥሩው ክሮሞሶም ደብዘዝ ያለ ጥቁር ግራጫ ነው፤ ዙሪያው ጥርት ያለ ነው። የሚያብረቀርቅ ከሆነና ዙሪያው ጭጋግ ከመሰለ ሳይቶፕላዝሙ አልለቀቀም፤ ፕሮብም ፀረ እንግዳ አካልም አያልፈውም። ፔፕሲን 0.005 በመቶ በ0.01 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ37 ዲግሪ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያጸዳዋል። ከመጠን ካለፈ ክሮሞሶሙ ራሱ ይበላል።

ለፕሮብ ሲዲኤንኤውን አትመኑ። ሁለት ኪሎቤዝ ያህል ቁራጭ በጥቂት ሜታፌዝ ላይ ብቻ ያበራል፤ ያን ጥቂት ብርሃን ከአጋጣሚ ነጥብ ለመለየት ብዙ መቁጠር ግድ ይላል። ጂኑን የያዘ 40 ኪሎቤዝ ያህል ኮስሚድ ወይም ከ100 እስከ 200 ኪሎቤዝ ባክ ክሎን ይሻላል (ሁለቱም ባክቴሪያ ውስጥ የሚባዙ ትላልቅ የዲኤንኤ ቁራጭ ተሸካሚዎች ናቸው)። አንድ ማይክሮግራሙን በባዮቲን በኒክ ትራንስሌሽን (ዲኤንኤውን በኢንዛይም እየቆረጡ መልሶ በመሙላት) ምልክት አድርጉበት፣ በ15 ዲግሪ ከ90 እስከ 120 ደቂቃ። ኢንዛይሙን ከማቆማችሁ በፊት ትንሽ ወስዳችሁ ጄል ላይ እዩ፤ ርዝመቱ ከ200 እስከ 500 ቤዝ ይሁን። ከአንድ ኪሎቤዝ በላይ ያለው ስላይዱ ላይ ሁሉ ተለጥፎ ሰማዩን በኮከብ ይሞላዋል፤ ከ100 በታች ያለው በመታጠቢያው ይሄዳል። ብዙዎች ይህን ሳያዩ አልፈው በኋላ ጥፋቱን በማይክሮስኮፑ ያሳብባሉ።

ለአንድ ስላይድ 100 ናኖግራም ያህል ፕሮብ፣ 50 እጥፍና ከዚያ በላይ ኮት-1 ዲኤንኤ፤ 50 በመቶ ፎርማማይድ፣ 2 እጥፍ ኤስኤስሲ (የጨው መፍትሔ) እና 10 በመቶ ዴክስትራን ሰልፌት ባለበት በ10 ማይክሮሊትር። ኮት-1 በጂኖሙ ውስጥ በሺህ ቦታ የሚደጋገሙ ቅደም ተከተሎችን ቀድሞ ይይዛቸዋል፤ ከረሳችሁት ሁሉም ክሮሞሶም ያበራል። ፕሮቡ በ75 ዲግሪ 5 ደቂቃ ይለያይ፣ ከዚያ በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ከኮት-1 ጋር ይቀመጥ። ስላይዱ ደግሞ በ70 በመቶ ፎርማማይድ፣ በ70–72 ዲግሪ፣ 2 ደቂቃ ብቻ፤ ወዲያው በበረዶ የቀዘቀዘ 70 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ይግባ፣ ቀጥሎ 85፣ ቀጥሎ 100። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር አለ፦ ክፍል ሙቀት ላይ የነበረ አንድ ስላይድ 50 ሚሊሊትር ማሰሮ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱን አንድ ዲግሪ ያህል ያወርድበታል። አምስት ስላይድ አንድ ላይ ከከተታችሁ ዲኤንኤው አይከፈትም፣ ፕሮቡም የሚገባበት የለውም። ሁለት ሁለት አድርጉ፤ ቴርሞሜትሩም የሚለካው ማሰሮው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እንጂ የውሃ መታጠቢያውን አይሁን። ፎርማማይድ ለፅንስ አደገኛ ስለሆነ ጓንት ይደረግ፣ ሥራውም ጭስ መሳቢያ ሥር ይሁን።

ከቨር ስሊፑ በጎማ ሙጫ ይታሸግና እርጥብ ሣጥን ውስጥ በ37 ዲግሪ ያድራል። በማግስቱ 50 በመቶ ፎርማማይድ ባለበት 2 እጥፍ ኤስኤስሲ፣ በ42 ዲግሪ፣ ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ፤ ከዚያ 0.1 እጥፍ ኤስኤስሲ በ60 ዲግሪ እንዲሁ። ለተቀባይ ቤተሰብ የመጨረሻውን እጥበት አታለዝቡት። ጨው ሲቀንስና ሙቀት ሲጨምር በከፊል ብቻ የተመሳሰለ ወንድም ይላቀቃል። ምልክቱ እየደከመ ከሄደ እጥበቱን ከማላላት ይልቅ የአቪዲን (ባዮቲኑን የሚይዝ፣ የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት ፕሮቲን) ብርሃኑን ደርቡ፦ አቪዲን፣ ባዮቲን ያለበት ፀረ አቪዲን፣ እንደገና አቪዲን።

አሁን መቁጠር። እውነተኛ ምልክት በሁለቱም ክሮማቲድ (የአንድ ክሮሞሶም ሁለት ተመሳሳይ ቅጂዎች) ላይ ጎን ለጎን ሁለት ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ በሁለቱም ጥንድ ክሮሞሶሞች ላይ። በአንድ ክሮማቲድ ላይ ብቻ ያለ ነጠላ ነጥብ መዝገቡ ላይ ለብቻው ይጻፍ። ቢያንስ 20 ሜታፌዝ ቁጠሩ፤ ደስ ያላችሁን ብቻ መርጣችሁ አይደለም፣ ስላይዱን ከጥግ እስከ ጥግ በመስመር እያያችሁ።

ዋይ6 የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። 4ኛውና 5ኛው ክሮሞሶም በአንድ ምድብ ያሉ ናቸው፤ ርዝመታቸውም የሴንትሮሜራቸው (ሁለቱ ክንዶች የሚገናኙበት) ቦታም ይቀራረባል፤ በደከመ ዳፒ (ዲኤንኤን ሰማያዊ አድርጎ የሚያበራ) ቀለም ብቻ አንዱን ለሌላው መስጠት እጅግ ቀላል ነው። የሞተው የሰው ዋይ6 ጂን ያለው 5ኪው31 ላይ ነው። እንግዲህ በረጅም ክንድ ታችኛው ክፍል ላይ ያበራውን ነጥብ 4 ነው ወይስ 5 ነው ስትሉ፣ ሁለቱም ቦታ ላይ የቤተሰቡ አባል አለ፤ «እዚያማ ምን ይሠራል» ብላችሁ የምትጥሉት አማራጭ የላችሁም። መድኃኒቱ በሌላ ቀለም፣ ለምሳሌ በቀይ፣ የ4ኛው ክሮሞሶም ሴንትሮሜር ፕሮብ አብሮ ማስገባት ነው። የ5ኛውን አትምረጡ፤ የ5፣ የ1 እና የ19 ሴንትሮሜሮች ስለሚመሳሰሉ አንዱ ሌላውን ያበራል። ምልክታችሁ ከቀዩ ሴንትሮሜር ጋር በአንድ ክሮሞሶም ላይ ካረፈ 4ኛው ነው።

ዋይ5 ከዚህም ይከፋል። ዋይ1 እና ዋይ5 በ4ኛው ክሮሞሶም ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ይነበባሉ፣ መነሻ መቆጣጠሪያ ክልላቸውንም ይጋራሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት በኪሎቤዝ የሚቆጠር ነው፤ ሜታፌዝ ላይ ፊሽ የሚለየው ግን ከ1 እስከ 3 ሜጋቤዝ (ሚሊዮን ቤዝ) ነው። አንድ ባክ ክሎን ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ባኩ ያበራበት ቦታ የባኩ ቦታ ነው፤ በውስጡ የትኛው ጂን እንዳለ የሚያውቀው በዚያው ባክ ዲኤንኤ ላይ የሁለቱን ጂኖች ፕራይመር የሞከረ ብቻ ነው። ይህ የግማሽ ቀን ፒሲአር ነው፣ አትዝለሉት። ዋይ2 ግን ወደ ሴንትሮሜሩ 8 ሜጋቤዝ ያህል ራቅ ብሎ ስለሚገኝ በሁለት ቀለም ሜታፌዝ ላይም ይለያል።

ቦታውን በቁጥር መግለጽ ከፈለጋችሁ ከአጭሩ ክንድ ጫፍ እስከ ምልክቱ ያለውን ርቀት ለሙሉው ክሮሞሶም ርዝመት አካፍሉ፣ የብዙ ክሮሞሶሞችንም አማካይ ውሰዱ። በዛሬው የጂኖም ቅጂ 4ኛው ክሮሞሶም 190 ሜጋቤዝ ያህል ነው፤ ዋይ1 ከ163ኛው ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ ሲካፈል 0.86። ዋይ2 0.82 አካባቢ ይወድቃል። ክሮሞሶም በየክፍሉ እኩል ስለማይኮማተር የምትለኩት ቁጥር በትንሹ ይዛነፋል። በዳታቤዝ ዛሬ ዋይ1 4ኪው32.2 ተብሎ ቢጻፍም ከ1993ቱ 31.3–32 ጋር አይጋጭም፤ የድሮው ስፋቱን ሲሰጥ የዛሬው ጠባቡን ይሰጣል።

ዋይ4 ለብቻው ቀረ፤ 10ኪው11.2 ላይ ነው። ቀላል ይመስላል፦ ከወንድሞቹ ርቆ ለብቻው በራሱ ክሮሞሶም ላይ ነው፣ ፊሽም አንድ ንጹሕ ባንድ ያሳያል። ነገር ግን ያ አካባቢ ትላልቅ ድግግሞሾች ያሉበት ነው፤ በዚያው ባንድ ውስጥ ከዋይ4 ጋር እጅግ የሚመሳሰል ሁለተኛ ቅጂ አለ፣ የቅጂዎቹ ብዛትም ከሰው ሰው ይለያያል። ሜታፌዝ ላይ ሁለት ቅጂም ሦስት ቅጂም ያው አንድ ነጥብ ናቸው። በጨረር ድቅል ብትሄዱም ፕራይመሩ ሁለቱንም ስለሚያባዛ ልዩነቱ አይወጣም። ይህን የሚለየው የተዘረጋ ዲኤንኤ ላይ የሚሠራ ፊሽ ወይም ቅጂ የሚቆጥር ዲጂታል ፒሲአር ነው። ዲጂታል ፒሲአሩን ስትሠሩ በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ሁለት ቅጂ ብቻ ያለው መሆኑ የተረጋገጠ ማነጻጸሪያ ጂን በአንድ ቱቦ አብሮ ይግባ። ማነጻጸሪያውንም ከ10ኛው ክሮሞሶም አትውሰዱ፤ ክሮሞሶሙ በሙሉ የጨመረ ወይም የቀነሰ እንደሆነ ሁለቱ እኩል ይወጡና ልዩነቱን ይደብቁታል።